የምት ጥፋትና እርማቱ፦ ገናና ጎልፍ ከየካ ተዳፋት ሲታዩ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሴ ከታሪክ መምህር የሚጠበቅ ላይመስላችሁ ይችላል። የምናገረው ስለ አንድ የጎልፍ ምት፣ ስለ ጥፋቱና ስለ እርማቱ ነው። የዙፋንን፣ የጦርነትንና የውልን ታሪክ መጻፍ የለመድን ሰዎች «የአንድ ዱላ አወራረድ ምን ታሪክ ይኖረዋል?» ብንል አይገርምም። ሰው በእጁና በወገቡ የሚሠራው ሥራ ግን ሁሉ ታሪክ አለው፤ ስሕተቱን ያወቀበትና ያረመበት መንገድም የራሱ ታሪክ አለው። ይህ ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ሙያ እጅግ ቅርብ ነው፤ ጉዳዩ የማስረጃ ጉዳይ ነውና።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ላስማማ። ጎልፍ ተጫዋቾች ስዊንግ የሚሉትን፣ ዱላውን ወደ ኋላ አንሥቶ ወደ ኳሱ የማውረዱን ሙሉ እንቅስቃሴ፣ በዚህ ንግግር «ስንዘራ» እለዋለሁ፤ በአማርኛ ዱላ ይሰነዘራልና። ግራና ቀኝ ስልም የምናገረው ስለ ቀኝ እጅ ተጫዋች ነው፤ ግራኝ የሆነ አድማጭ አቅጣጫውን ይገልብጠው። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ዱላዎች በአንድ ተዳፋት

ከእንጦጦ ተራሮች ወደ ከተማዋ የሚወርደው የየካ ተዳፋት የአዲስ አበባን የውጭ ግንኙነት ታሪክ የተሸከመ ምድር ነው። ከ1896ቱ የዐድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት ልዑካን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማ ሲመጡ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በከተማዋ ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ ዳር ሰፋፊ ቦታዎችን ሰጧቸው። «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የሚለው የሰፈር ስም ለዚህ እስከ ዛሬ ምስክር ነው። በኋላ የዐረብ በረሓዎችን በማቋረጥ ስሙ የገነነው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1910 የተወለደበት የእንግሊዝ ለጋሲዮን፣ የዛሬው ኤምባሲ፣ ግቢው ከስፋቱ የተነሣ የጎልፍ መጫወቻ ሜዳ ጭምር ይዟል።

ከዚያ ግቢ አጥር ውጭ ሌላ የዱላ ጨዋታ ነበር፤ አለም። በገና በዓል ሰሞን፣ መኸሩ ተሰብስቦ ሜዳው ሲለቀቅ፣ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ የያዙ ሁለት ወገኖች ሩር የምትባለውን ድቡልቡል ኳስ ያሳድዳሉ። ከየካ ብዙም የማይርቀው ጃን ሜዳ ይህን ጨዋታ ለረጅም ዘመን አስተናግዷል። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው እንዳይቆጣ የሚያዝዘውን የታወቀ አባባል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለ ገና ማኅበራዊ ትርጉም፣ ማለትም ለአንድ ቀን ስለሚላላው የደረጃ ሥርዓት፣ ብዙ ተብሏል። ሩሯ እንዴት እንደምትመታ ግን የተባለው እጅግ ጥቂት ነው።

ፈረንሳዊው ምሁር ማርሴል ሞስ በ1934 ባቀረበው ዝነኛ ንግግር፣ ሰው በሰውነቱ የሚጠቀምበት ብልሃት ከማኅበረሰቡ የሚወርሰው ነገር መሆኑን አስረድቷል። ካነሣቸው ምሳሌዎች አንዱ የአካፋ ነገር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች በፈረንሳይ አካፋ መቆፈር ስላልቻሉ፣ አንድ ክፍለ ጦር ሌላውን በተካ ቁጥር 8,000 አካፋ መለወጥ ግድ ይል ነበር። መቆፈር እንዲህ ታሪክ ካለው፣ መምታትም አለው። ልዩነቱ አንዱ ማኅበረሰብ የምቱን ብልሃት መርምሮ መጻፉ፣ ሌላው ግን ከእጅ ወደ እጅ እያቀበለ ዝም ማለቱ ነው። ይህ ዝምታ ዋጋ ያስከፍለን እንደሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኳሱ ምን መሰከረ?

የጎልፍ ጀማሪን ሁሉ የሚያስመርረው ጥፋት ስላይስ ይባላል። ኳሱ ተነሥቶ ጥቂት ከሄደ በኋላ ወደ ቀኝ ታጥፎ ከሜዳው ይወጣል። ተጫዋቹ ምን ያደርጋል? ኳሱ ወደ ቀኝ ስለሄደበት በሚቀጥለው ምት ወደ ግራ ያነጣጥራል፤ ዱላውንም ወደ ግራ ይጎትታል። ኳሱ ግን ከቀድሞው ይልቅ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ሰውየው አሁንም ወደ ግራ ይጨምራል። ጥፋቱን የሚያባብሰው ራሱ እርማቱ ነው ማለት ነው።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ወደ ኤዲንብራ እንሻገር። የፊዚክስ ሊቁ ፒተር ጋትሪ ቴት በ1890ዎቹ የጎልፍ ኳስን በረራ አጥንቶ፣ ኳሱን በአየር ላይ አንሥቶ የሚያቆየው ወደ ኋላ የሚሽከረከርበት እሽክርክሪት መሆኑን አሳየ። ልጁ ፍሬዲ ቴት በ1896 እና በ1898 የብሪታንያ የአማተሮች ሻምፒዮና ያሸነፈ ተጫዋች ስለነበር ምሁሩ ምርምሩንና ማዕዱን ለይቶ አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእሽክርክሪቱ ዘንግ ወደ ጎን ሲያጋድል፣ ያው ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል ኳሱን ወደ ጎን ይወስደዋል። ስላይስ ይኸው ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ዘንጉን ምን ያጋድለዋል የሚለው ነው። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አሠልጣኞች ያስተምሩት የነበረው ሕግ፣ ኳሱ ዱላው በተጓዘበት መንገድ ይነሣል፤ ከዚያም የዱላው ፊት ወደተመለከተበት ይታጠፋል የሚል ነበር። በ1968 አላስተር ኮክራንና ጆን ስቶብስ ያሳተሙት፣ ፍጹሙን ስንዘራ ፍለጋ የሚል ርእስ ያለው መጽሐፍ፣ ከሳይንቲስቶች ቡድን ምርምር ተነሥቶ ነገሩ ሌላ መሆኑን አስረዳ። ኳሱ የሚነሣበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው በግጭቱ ቅጽበት የዱላው ፊት የተመለከተበት ነው፤ በብረት ዱላ ሦስት አራተኛ ያህል፣ በረጅሙ ዱላ ደግሞ ከዚያም በላይ። የሚያጥፈው በፊቱና በመንገዱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስለዚህ ፊቱ ክፍት ሆኖ መንገዱ ወደ ግራ በሄደ መጠን፣ ልዩነቱ ይሰፋል፤ እጥፋቱም ይብሳል።

ለታሪክ ተማሪ ትኩረት የሚስበው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። እውነቱ በ1968 ታትሞ ሳለ፣ አሮጌው ሕግ በየማሠልጠኛው ሌላ ሠላሳና አርባ ዓመት ኖረ። የተናወጠው ከ2003 ወዲህ፣ የዴንማርኩ ትራክማን የተባለው የራዳር መሣሪያ የዱላውንም የኳሱንም ጉዞ በቁጥር ማሳየት ሲጀምር ነበር። መጽሐፍ ያላሸነፈውን ልማድ መሣሪያ አሸነፈው። መምህራን ሆይ፣ ይህን እንያዝ፤ እውነትን ማሳተም እውነትን ከማስለመድ የተለየ ሥራ ነው።

ተራራው የሚሸፍነውና የሚያስመስለው

አሁን ወደ የካ እንመለስ። ኳሱ የጥፋት ምስክር ከሆነ፣ ምስክሩ የቆመበትን ቦታ መመርመር ግዴታችን ነው። የካ በአማካይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው በእንጦጦ ራስ ላይ ደግሞ ሲሶ ወደ መሆን ይቀርባል። አየሩ ሲሳሳ ኳሱን የሚገታው ኃይል ይቀንሳል፤ ኳሱም ይርቃል። የሚያጥፈውም ኃይል አብሮ ይቀንሳል። በየካ ወደ ቀኝ ጥቂት ብቻ ዘንበል ያለ ምት፣ በባሕር ዳርቻ ሜዳ ላይ ጫካ ሊገባ ይችላል። ከ2017 እስከ 2020 በሜክሲኮ ሲቲ፣ በተመሳሳይ ከፍታ ላይ፣ ትልቅ ውድድር ይካሄድ በነበረበት ጊዜ የዓለም ምርጥ ተጫዋቾች ሳይቀሩ የዱላዎቻቸውን ርቀት እንደ አዲስ ማስላት ነበረባቸው።

መሬቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በተዳፋት ላይ ኳሱ ከእግር ከፍ ብሎ ሲቀመጥ፣ ቀጥ ያለ ስንዘራ እንኳ ኳሱን ወደ ግራ ይልከዋል፤ ከእግር ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ወደ ቀኝ። ይህን ያልተረዳ ተጫዋች ጤነኛ ስንዘራውን ሊያርም ይነሣል።

አየሩ ያለውን ጥፋት ይሸፍናል፤ መሬቱ የሌለውን ጥፋት ያስመስላል። በሰነድ ላይ የምንሠራ ሰዎች ይህን ችግር በሌላ ስም እናውቀዋለን። ጸሐፊው ለማን እየጻፈ እንደነበር ሳንጠይቅ ዜና መዋዕልን አንጠቅስም፤ የጎልፍ ኳስንም በየት አየርና በየት መሬት እንደተናገረ ሳንጠይቅ ልናምነው አይገባም። በተራራማ አገር ለሚማር ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር ከዚህ ይነሣል፤ ጥፋትህን ለማወቅ ደልዳላ መሬት ፈልግ፤ ከኳሱ መድረሻ ይልቅ አነሣሡን ተመልከት።

ሦስት ጥፋቶችና ምንጫቸው

ኳስና ዱላ የሚነካኩት ለአንድ ሰከንድ ሁለት ሺኛ ያህል ብቻ ነው። ዱላው ከላይ ወደ ኳሱ የሚወርድበት ጊዜ ራሱ ከሩብ ሰከንድ ብዙ አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዐይን አይቶ፣ አእምሮ ፈርዶ፣ እጅ ሊታረም አይችልም። ስለዚህ በግጭቱ ላይ የሚታየው ጥፋት ሁሉ ምንጩ ከግጭቱ በፊት ነው፤ እርማቱም እዚያው ነው።

የመጀመሪያው ምንጭ አጨባበጥ ነው። ክፍት የዱላ ፊት ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከእጅ ነው። ተጫዋቹ ለመምታት ቆሞ ቁልቁል ሲመለከት የግራ እጁ ሁለት ወይም ሦስት የጣት አንጓዎች ሊታዩት ይገባል። አንድ ብቻ ከታየ፣ ፊቱ በግጭት ጊዜ ለመዘጋት ይቸገራል። አያያዙም እንዳይጠብቅ ያስፈልጋል፤ ዱላን እንደ ጠላት ጉሮሮ ያነቀ እጅ አንጓው ይደርቃል። ስላይስ ያለበት ሰው ስለ ትከሻውና ስለ ዳሌው ከመጨነቁ በፊት እጁን ይይ።

ሁለተኛው ምንጭ ቅደም ተከተል ነው። ቤን ሆጋን በ1949 በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎድቶ፣ በ1950 የአሜሪካን ኦፕን ያሸነፈ ተጫዋች ነው። በ1957 ባሳተመው የአምስት ትምህርቶች መጽሐፉ፣ ዱላው መውረድ የሚጀምረው በዳሌ መዞር እንደሆነ አጥብቆ አስተምሯል። ከዳሌ በኋላ ደረት፣ ከደረት በኋላ ክንድ፣ በመጨረሻ ዱላው ይከተላል። ጀማሪ ግን ኃይል የሚገኘው ከትከሻ ስለሚመስለው ትከሻውን ያስቀድማል፤ ዱላውም ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ግራ፣ ይቆርጣል። ይህን ለማስረዳት ራዳር አያስፈልገንም፤ በቡሄ ሰሞን ጅራፍ የሚያጮኽ ልጅ ይበቃናል። ልጁ ክንዱን ከወረወረ በኋላ ድንገት ይገታዋል፤ የክንዱ ፍጥነት ወደ ጅራፉ ይተላለፋል፤ ጩኸቱም ከጫፉ ይወጣል። ክንዱን ሳይገታ እስከ መጨረሻው የሚገፋ ልጅ ጅራፉ አይጮኽለትም። ስንዘራም እንዲሁ ነው፤ ከባዱ ክፍል ቀድሞ ይነሣል፣ ቀድሞም ይዘገያል፤ ቀላሉ ጫፍ ፍጥነቱን ይወርሳል።

ሦስተኛው ምንጭ ክብደት የሚያርፍበት እግር ነው። አንዱ ተጫዋች ከኳሱ በፊት መሬቱን ይመታል፤ ሌላው የኳሱን አናት ይገጫል። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን እናታቸው አንድ ናት። ክብደቱ በቀኝ እግሩ ላይ ስለቀረ፣ የዱላው ቅስት ዝቅተኛ ነጥብ ከኳሱ ኋላ ሆኗል። በየሜዳው የሚሰማው ምክር «ራስህን አታንሣ» የሚል ነው። ራስ ግን የሚነሣው ሰውነት ስለተነሣ ነው፤ ራሱን በግድ ቀብሮ የሚመታ ሰው የሰውነቱን መዞር ያግዳል፤ አንዱን ጥፋት በሌላ ይለውጣል። የሚሻለው ቀላል ልምምድ ነው። መሬት ላይ መስመር ማስመር፣ ያለ ኳስ መሰንዘር፣ ዱላው መሬቱን የት እንደነካ መመልከት ነው። ምልክቱ ከመስመሩ ወዲያ፣ ወደ ዒላማው በኩል፣ እስኪያርፍ ድረስ ክብደትን ወደ ግራ እግር ማሻገር ይለማመዱታል። መስመሩ አያዳላም፤ አየርም ተዳፋትም አያታልለውም።

ይህን ሳነብ የልጅነቴ ገና ትዝ ይለኛል። በሠፈራችን ታላላቆቻችን ለእኛ ለታናናሾች የሚሰጡት ትምህርት አንዲት ቃል ነበረች፦ «ዝቅ!» ጉልበታችንን ካላጠፍን ቆልማማው ዱላ ከሩሯ በላይ ያልፋል፤ አለዚያም አቧራ ያነሣል። ያች ቃል ኮክራንና ስቶብስ በገጾች ያብራሩትን የቅስት ዝቅተኛ ነጥብ ጉዳይ በአንድ ትንፋሽ ትይዛለች። ልዩነቱ ለምን ዝቅ ማለት እንዳለብን የነገረን አለመኖሩ ነው።

ልዩ መሆን ጥፋት አይደለም

ከመጨረሴ በፊት ስለ እርማት ወሰን መናገር አለብኝ። ጂም ፊዩሪክ የተባለው አሜሪካዊ ስንዘራው በዐይን ሲታይ የተበላሸ ይመስላል፤ ዱላው ወደ ላይ በአንድ መንገድ ወጥቶ በሌላ ይወርዳል። ይህ ሰው በ2003 የአሜሪካን ኦፕን አሸነፈ፤ በ2016 በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ውድድር አንድን ዙር በ58 ምት ጨረሰ። በግጭቱ ቅጽበት የዱላው ፊት ከታላላቆቹ ሁሉ እኩል ትክክል ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ በእንጦጦ ጫካ የሠለጠነው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የግራ ክንዱን ከሌሎች በተለየ አጥፎ እንደሚሮጥ ዓለም ያውቃል፤ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ከመሮጡ የቀረ ልማድ እንደሆነ ይነገራል። በዚያው ክንድ በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 ደግሞ በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ፤ የሲድኒው ልዩነት 9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። አንድ መማሪያ መጽሐፍ ያንን ክንድ ስሕተት ብሎ ሊመዘግበው ይችል ነበር። ታሪክ ግን አሻራ ብሎ መዝግቦታል። እንግዲህ የአራሚው የመጀመሪያ ግዴታ ጥፋትን ከአሻራ መለየት ነው፤ መለያውም ውጤቱ የሚወሰንበት ቅጽበት እንጂ የእንቅስቃሴው ውበት አይደለም።

ያልተጻፈው ብልሃት

አሁን ወደ ተውኩት ዝምታ ልመለስ። ጎልፍ ብልሃቱን የመዘገበው ደረጃ በደረጃ ነው። ሃሪ ቫርደን በ1905 አጨባበጡን በመጽሐፍ አስተማረ። ቦቢ ጆንስ በ1931 ስንዘራውን በተከታታይ ፊልሞች አሳየ። ሃሮልድ ኤጀርተን በ1930ዎቹ በብልጭታ ፎቶግራፍ፣ ዐይን ሊያየው የማይችለውን የዱላ ጉዞ በአንድ ምስል ላይ አሰፈረ። ዛሬ አንድ ጀማሪ የመቶ ዓመት ልምድ በጀርባው ይዞ ይነሣል።

ገና ዛሬ በባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ ይካተታል፤ ደንብም ተጽፎለታል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ደንብ የሚነግረን የተፈቀደውንና የተከለከለውን ነው። ከቆሎ በምትበልጥ ጠጠር ላይ የምትዘልለውን ሩር በሩጫ ላይ እያሉ እንዴት እንደሚመቷት፣ ዱላው ከየትኛው ቅርንጫፍ ቢቆረጥ ቅስቱ እንደሚያምር፣ ከወገብ ኋላ የሚመጣ ተጋጣሚ እንዴት እንደሚታለል የሚነግረን በሕይወት ያለ ሽማግሌ ብቻ ነው። ሜዳዎቹም እየጠበቡ ነው። ሜዳ ሲጠፋ ጨዋታው ይጠፋል፤ ጨዋታው ሲጠፋ የእጅ ብልሃቱ ቀድሞ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀርልን የበዓል ትርኢት ይሆናል፤ ልጆች ዱላ ይዘው ይቆማሉ፤ መምታት ግን አይችሉም።

ኤጀርተን በቤተ ሙከራ የሠራውን ሥራ ዛሬ ብዙ የእጅ ስልኮች በሰከንድ 240 ምስል በማንሣት ይሠሩታል። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የታሪክ፣ የስፖርት ሳይንስና የፊዚክስ ተማሪዎች በመጪው ገና ወደ ጃን ሜዳም ሆነ ወደየአገራችሁ ሜዳ ስትወርዱ ሦስት ነገር እንድትሠሩ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ የጎበዝ መቺዎችን ስንዘራ ከጎንና ከፊት ቀርጹ። ሁለተኛ፣ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጣችሁ ታናናሾችን የሚያርሙባቸውን ቃላት በራሳቸው አነጋገር መዝግቡ፤ «ዝቅ!» ከነዚያ ቃላት አንዲቱ ብቻ ናት። ሦስተኛ፣ የጎልፍን መጽሐፍ እንደ ሕግ ይዛችሁ የገናን መቺ ለማረም አትቸኩሉ። በሩጫ ላይ የሚመታ ሰው ቆሞ ከሚመታ ሰው ሌላ ጥያቄ ይመልሳል፤ መጀመሪያ ጥያቄውን እወቁለት።

የእንግሊዙ ግቢ አጥር ሁለቱን ጨዋታዎች ከመቶ ዓመት በላይ ለይቷል። ብልሃትን መርምሮ የመጻፍ ልማድ ግን የማንም አጥር ውስጥ የሚቀር አይደለም፤ ወስደን ለራሳችን ዱላ ልናውለው እንችላለን። አሁን ለጥያቄዎቻችሁ ዝግጁ ነኝ።